ቀይ ክር

ከአውቶቡስ መቆሚያው ማዶ፣ ከቆሎ ሻጮቹ ጀርባ
የሬዲዮ ጥገና ቤቴ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስገባ፤
ደብረ ሲና፣ ሐምሌ ሲሆን፣ በቀን አምፖል የሚበራባት፣
ግድግዳዋን የሚያልባት፣ ጭጋግ ገብቶ ሲያድርባት።

እዚያ ነው የሠራሁት።

የጥላዬ ቪዲዮ ቤት ከተዘጋ ሰባት ዓመቱ፤
ከወንበሩ፣ ከመጋረጃው፣ ተርፎ የቀረ ከንብረቱ
አንድ ዲቪዲ መጻፊያ ነበር፣ ሆዱን አቧራ የሞላው፤
«ውሰደው» አለኝ፣ «የሚገዛው የለ፤ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልብላው?»

ሆዱን በምላጭ ከፈትኩት፣ ቆዳ እንደሚገፍ በግ አራጅ፣
በትንፋሽ ልክ፣ በዝግታ፣ ስቶ እንዳይነካት እጅ።
ወጣች፤ ሽምብራ የምታክል፣ በሦስት የሽቦ እግር የቆመች፤
በወረንጦ ይዤ ሳያት፣ ዐይኗን ገልጣ ያየችኝ መሰለች።

የመጀመሪያዋ ሞተች።
ይህንን አልደብቅም።
ቸኩዬ፣ ያለ ምንም ከልካይ፣ ከባትሪው ጋር ሳገናኛት
ለዐይን ጥቅሻ ያህል ደምቃ፣ ወዲያው ድንግዝግዝ አለባት፤
ጨረርነቷ ጠፋና ተራ አምፖል ሆና ቀረች፤
ቀላች እንጂ፣ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ እንኳ አልደረሰች።

ሁለተኛዋን ከደብረ ብርሃን፣ ከቁራሌው ከመዝገቡ
ገዛሁ በሁለት መቶ ብር፤ ለሽንኩርት ነበር ገንዘቡ።
ለካስ ጉልበት ሳይሆን ልጓም ኖሯል እሷን የሚያኖራት፤
አንድ አይሲ፣ ሁለት ሬዚስተር፣ ቆንጥረው የሚያጎርሷት።
ካውያ ሳነሣ ቀድሜ ጣቴን ከውሃ ቧንቧው አስነካሁ፤
ስታኞው እስኪረጋ ድረስ፣ ማስነጠሴን እንኳ ዋጥሁ።

ቀፎው የእጅ ባትሪ ነው፣ የአባቴ፣ የዘበኛነቱ፤
ሁለት እጁ በር ሲቆልፍ፣ በጥርሱ የነከሰበቱ
ምልክት አለ ጠርዙ ላይ።
ባንትይርጋ፣ መስኮት ሠሪው፣ ከፍሬም ቁራጭ ፈልፍሎ
ሙቀት የምትጠጣ ቀለበት ሰጠኝ፣ «ለየትኛው ጣት ናት?» ብሎ።
የብየዳ መነጽሩንም ጨመረልኝ፤
ዐይን እንደ ሽንኩርት ብር አይተካምና።

የመጀመሪያው ማታ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ
ክብሪት አቆምኩ፣ በሰም ላይ፣ የራሴን ትንፋሽ ቆጥሬ፤
ነጥቧ ከራሱ ላይ አረፈች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጭስ።
እኔም ዘለልኩ፣ የአርባ ዓመት ሰው፣ ወገቤን እስኪያመኝ ድረስ።

ጨረሯ ግን አትታይም።
በእጄና በግድግዳው መካከል፣ ባዶ፤ ጨለማ፤
እዚህ ተነሥታ እዚያ ናት፤ መንገዷ አይታይ፣ አይሰማ።

ነሐሴ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ከቀወት ቆላ ተነሥቶ
ጭጋጉ ዳገቱን ወጣ፤ ገበያውን ዋጠ ገብቶ፤
ከጣርማ በር የሚወርዱት መኪኖች ድምፅ ብቻ ሆኑ፤
የመብራት ምሰሶዎቹ ከወገብ በላይ ተከደኑ።
ከደረጃው ላይ ወጣሁ፤ ከሰው ዐይን በላይ፣ ከፍ አድርጌ፣
ከአስፋልቱ አዙሬ ወደ ቅያሱ፣ የእህል መጋዘኑን ፈልጌ
ማብሪያውን ተጫንኩ።

ክር።

ከእጄ እስከ መጋዘኑ፣ ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ የተወጠረ፤
ሸማኔ ያልነካው ድር፣ የትም ላይ ያልተቋጠረ፤
ሁሉን የደበቀ ጭጋግ፣ እሷን ብቻ ገለጠልኝ፤
ጩኸት መጣ ከጉሮሮዬ፤ የሚሰማ ግን ማን አለኝ።

ያን ጊዜ ጌጤነህ መጣ፣ ተሸካሚው፣ ጀርባው ላይ ኩንታል፤
ከክሩ ሥር ሲደርስ ቆመ። ሽቅብ አየ። ምን ያስባል?
«የማን ገመድ ነው?» አለ፤ መልሴን ግን አልጠበቀ፤
ጤፉ እንዳይበጥሰው ብሎ፣ ጎንበስ አለና፣ ሾልኮ ራቀ።

አፈርኩ። አጠፋሁት።
ቅያሱ እንደ በፊቱ ሆነ፣ ምንም ያልተዘረጋበት፤
የአባቴን ባትሪ በብብቴ፣ ሙቀቱ ገና ሳይለቅበት
ቆሜ ሳለሁ ጌጤነህ ተመለሰ፣
ኩንታሉን አራግፎ፣ በባዶ ጀርባው፣ እያፏጨ፤
እዚያው ቦታ ሲደርስ
ፉጨቱን አቆመና
እንደገና ጎንበስ አለ።